ለጉበት ብላችሁ ጁስ የምትጠጡ ከሆነ እንዲህ አዘጋጁት

ጉበትን የሚያጥብ ጁስ የለም። ይህን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው። «በ7 ቀን ጉበትዎን ያጽዱ» የሚሉት ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚነሱት ጉበት ውስጥ ቆሻሻ ተጠራቅሞ ይቀመጣል ከሚል ሐሳብ ነው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አጣሪው ራሱ ጉበት ነው። ጎጂ ነገር ሲደርሰው ይለውጠዋል፣ ጉልበቱን ያሳጣዋል፣ ከዚያ በሐሞት ወደ አንጀት ወይም በደም ወደ ኩላሊት ይሸኘዋል። ለዚህ ሥራ የሎሚ ውሃ አይጠብቅም።

ታዲያ ቀይ ሥሩም ካሮቱም ሮማኑም ከንቱ ነው? በፍጹም። እነዚህ ተክሎች ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ጉበት ሥራውን ሲሠራ የሚደርስበትን ጉዳት ለመቀነስ ሊያግዙት ይችላሉ። ጥቅሙ ግን የሚወሰነው በምን እንደምትሠሩት፣ እንዴት እንደምታዘጋጁትና ምን ያህል እንደምትጠጡት ነው። አያያዙን ካላወቃችሁበት ያው ጁስ ጉበት ላይ ስብ ይጨምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ለጤናዬ ብሎ በትልቅ ብርጭቆ ስኳር እየጠጣ ነው።

ጉበት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው ያለው። ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛው ገደማ የሚመጣው ከአንጀት አካባቢ ነው። ስለዚህ የበላችሁት ምግብ፣ የጠጣችሁት አልኮል፣ የዋጣችሁት ክኒን በሌላው ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ ሲያስተናግድ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ኤሌክትሮን ይጎድላቸዋል። የጎደላቸውን አጠገባቸው ካገኙት ይነጥቃሉ፣ የተነጠቀው ደግሞ ከሌላው ይነጥቃል፣ እንዲህ እየተቀጣጠለ የሴሉን ሽፋን፣ ፕሮቲኑን፣ ዲኤንኤውን ሳይቀር ይጎዳል። አንቲኦክሲደንት የሚባለው ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ነገር ነው። ተቆርጦ የተቀመጠ ፖም ሲጠቁር አይታችኋል አይደል? ሎሚ ካሻችሁት ግን ቶሎ አይጠቁርም። አንዱ ምክንያት የሎሚው ቫይታሚን ሲ ኦክስጅኑ የሚያደርሰውን ለውጥ ስለሚከላከል ነው።

ሰውነታችን የራሱ አንቲኦክሲደንት አለው። ከሁሉም ዋነኛው ግሉታታዮን ይባላል፣ ጉበት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከፓራሲታሞል መረዳት ይቻላል። ፓራሲታሞል በትክክለኛው መጠን ሲወሰድ ጥቂቱ ጉበት ውስጥ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል፤ ግሉታታዮን ወዲያው ይይዘውና ያከሽፈዋል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ግሉታታዮኑ ያልቃል። ያኔ መርዙ የጉበት ሴሎችን ይገድላል። ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ማርከሻ፣ ኤን አሲቲል ሲስቲን፣ ዋና ሥራው ያለቀው ግሉታታዮን እንዲተካ ማድረግ ነው።

እግረ መንገዴን ልናገር፦ ለጤነኛ አዋቂ የፓራሲታሞል ጣሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም ነው፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ። አልኮል ለሚያዘወትር፣ ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ወይም ጉበቱ ለታመመ ሰው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሐኪም ይወስነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳታውቁት ልትደርቡት ትችላላችሁ። ከልኩ በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ ጁስ እየጠጣ መጠበቅ የለበትም። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይሰማው ሊያልፍ ስለሚችል፣ ደህና ነኝ ቢልም ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

«በጥናት ተረጋግጧል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ ጁስና ስለ ጉበት ከሚወሩት ጥናቶች ብዙዎቹ አይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። አይጦቹ የተክሉን ጭማቂ ለተወሰነ ጊዜ እንዲወስዱ ይደረጋል። ከዚያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል ጉበት የሚያበላሽ ኬሚካል ወይም ብዙ ፓራሲታሞል ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ደማቸው ውስጥ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ይለካሉ። (የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ ተብለውም ይጻፋሉ።) እነዚህ ኢንዛይሞች ቦታቸው ሴል ውስጥ ስለሆነ፣ ደም ውስጥ ሲበዙ የጉበት ሴሎች እየተጎዱ ነው ማለት ነው። ጁስ የወሰዱት አይጦች ቁጥራቸው ዝቅ ካለ «ጉበት ይከላከላል» ተብሎ ይጻፋል።

ጥናቱ ውሸት አይደለም። ግን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ጭማቂው የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ወይም አብሮ ነው፤ እኛ ግን ጁስ የምናስታውሰው ጉበታችን ከተጎዳ በኋላ ነው። መጠኑም ከሰው ጋር አይወዳደርም፣ ለትንሿ አይጥ የሚሰጠውን በሰው ክብደት ብታሰሉት አንድ ሰው በቀን ሊጠጣው የማይችለው ሊሆን ይችላል።

ሌላው ማሳሳቻ የሙከራ ቱቦ ቁጥር ነው። «ይህ ፍሬ ከዚያኛው አሥር እጥፍ አንቲኦክሲደንት አለው» ሲባል የሚለካው ብዙውን ጊዜ ቱቦ ውስጥ ነው። ሰውነት ውስጥ ግን ብዙዎቹ የተክል ንጥረ ነገሮች ትንሽ ብቻ ወደ ደም ያልፋሉ፣ ያለፉትም ቅርጻቸው ይለወጣል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ምግቦችን በዚህ ዓይነት ልኬት የሚዘረዝረውን ሰንጠረዡን በ2012 ከድረ ገጹ ያነሳው ቁጥሩ ከሰው ጤና ጋር በቀጥታ እንደማይገናኝና ለማስታወቂያ እንደዋለ ስላየ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚያዘነብሉት ወደ ሌላ ማብራሪያ ነው። ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ ሴሉን በትንሹ ነካ አድርገው የራሱን መከላከያ፣ ግሉታታዮንን ጨምሮ፣ በብዛት እንዲያመርት ያነቁታል።

ደግሞ «አንቲኦክሲደንት ጥሩ ከሆነ በክኒን አብዝቼ ልውሰደው» የሚል ሰው አለ። ፊንላንድ ውስጥ አጫሾች በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን እየወሰዱ ሲጠኑ፣ በ1994 የወጣው ውጤት የሳንባ ካንሰር እንደጨመረባቸው አሳየ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ካሮት ብሉ፣ ጠጡም። ክኒኑን ግን ተዉት።

ስኳሩ ላይ ቆም እንበል

ለጉበት ስትሉ ልትጠነቀቁበት የሚገባው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አንድ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ ምንም ስኳር ሳይጨመርበት፣ ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ከተጨመረ ስኳር ለይቶ አያየውም፤ ሁለቱንም «ነፃ ስኳር» ብሎ አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ጣሪያው 50 ግራም ነው፣ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ይላል።

ሦስት ብርቱካን ቁጭ ብሎ መብላት ጊዜ ይወስዳል፣ ያጠግባልም። የሦስት ብርቱካን ጭማቂ ግን በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ ቃጫው ስለቀረም ስኳሩ በፍጥነት ይገባል። ፍሩክቶስ የሚባለው የፍራፍሬ ስኳር ደግሞ በአብዛኛው የሚስተናገደው ጉበት ውስጥ ነው። ሲበዛበት ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። በዓለም ላይ ከአራት አዋቂ ሰዎች ቢያንስ አንዱ ጉበቱ ላይ ስብ አለው፣ አብዛኛው አያውቀውም። እና ፋቲ ሊቨር አለብህ የተባለ ሰው በየጠዋቱ ግማሽ ሊትር የማንጎ ወይም የወይን ጁስ ሲጠጣ ለማን እየሠራ ነው? ለበሽታው።

ስለዚህ መመሪያው ቀላል ነው። ጁሳችሁ በአትክልት ይሙላ፣ ፍራፍሬው ለጣዕም ያህል ይግባ። መጠኑ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ በቀን አንዴ ይበቃል። ስኳርም ማርም አትጨምሩ። ማር ለጉበት ሲሆን ያው ስኳር ነው።

ምን ልምረጥ?

ቀይ ሥር የኔ አንደኛ ነው። ያንን ደማቅ ቀለም የሚሰጡት ቤታላይን የሚባሉ ጠንካራ አንቲኦክሲደንቶች ናቸው። ናይትሬትም በብዛት ስላለው የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ በሰው ላይ ታይቷል። ግፊታችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በትንሹ ጀምሩ። ከጠጣችሁ በኋላ ሽንታችሁ ወይም ሰገራችሁ ሊቀላ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። ቀይ ሥር ሳትጠጡ ከቀላ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ካሮት ቤታ ካሮቲን አለው። ይህ ንጥረ ነገር በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ባዶ ሆድ ላይ ብቻውን ሲጠጣ ብዙው ሳይገባ ያልፋል። ዘይት ካለበት ምግብ ጋር ጠጡት ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉበት። በየቀኑ በሊትር የሚጠጣ ሰው መዳፉና እግሩ ሥር ቢጫ ሊሆን ይችላል። ይሄ የጉበት ወፍ አይደለም፣ መለያውም ዓይን ነው። በካሮት የመጣ ቢጫነት የዓይንን ነጭ ክፍል አይነካም፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ ውስጥ ያለው ነገር ለየት ይላል። ሳይቆረጡ በፊት ዋናው ንጥረ ነገር አልተሠራም። ሲከተፉ ወይም ሲፈጩ ሴሎቻቸው ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ ነገሮች ይገናኙና ሰልፎራፌንን የመሳሰሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ቅድም ያልኩት የሴሉን የራሱን መከላከያ በማንቃት በደንብ ከተጠኑት አንዱ ይህ ነው። ሙቀት ይህን የሚሠራውን ኢንዛይም ስለሚያጠፋ ጥሬውን ከትፋችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ ፍጩት። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው፦ አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው ሲጨፈለቅ ነው።

ቲማቲም ተቃራኒው ነው። ቀዩ ቀለም፣ ላይኮፒን፣ በሙቀትና በዘይት ነው በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው። ስለዚህ የቲማቲም ጭማቂ ከፈለጋችሁ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አብስሉትና አቀዝቅዙት።

ሮማን ፖሊፌኖል በሚባሉ የተክል አንቲኦክሲደንቶች የታወቀ ነው፣ ግን ስኳሩም ብዙ ነው። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፍሬውን ጨምሩና ይብቃችሁ። ሎሚ፣ ዝንጅብልና ትንሽ እርድ ለጣዕምም ለጥቅምም ጥሩ ናቸው፤ የሎሚው አሲድ የሌሎቹን ቫይታሚን ሲ ከመበላሸት ያዘገየዋል።

አሠራሩ

ለአንድ ሰው፦ መካከለኛ ቀይ ሥር ግማሽ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ እፍኝ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ሩብ ፖም፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብልና አንድ ብርጭቆ ውሃ። ብዙ ሆኖ ከወጣላችሁ ለሁለት ተካፈሉት።

መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። አትክልቱን በሚፈስ ውሃ እያሻሻችሁ እጠቡ፤ ሥር የሆኑትን በብሩሽ ፈትጓቸው፣ አፈር ውስጥ የነበሩ ናቸውና። የተበላሸውን፣ የሻገተውን ክፍል ቆርጣችሁ ማዳን አያስፈልግም፣ ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ፓቱሊን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የሚገኘው በበሰበሰ ፖም ጭማቂ ውስጥ ነው። ጎመኑን አስቀድማችሁ ከትፉትና ሌላውን እስክትላጡ ይቆይ።

መፍጫው ላይ አስተያየት አለኝ። ፈሳሹን ለይቶ ገለባውን ከሚያስቀረው የጁስ ማሽን ይልቅ ብሌንደር ተጠቀሙ፣ በወንፊትም አታጥሩት። ቃጫው ውስጥ ብዙ አንቲኦክሲደንት ተጣብቆ ይቀራል። የአንጀት ባክቴሪያም የሚመገበው እሱን ነው፣ ስኳሩም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ወፍራም ከሆነባችሁ ውሃ ጨምሩ።

ከተፈጨ በኋላ ወዲያው ጠጡት። አየርና ብርሃን ቫይታሚን ሲን እያጠፉት ነው። ማቆየት ግድ ከሆነ እስከ አፉ በሞላ ክዳን ባለው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። ከምግብ ጋር ጠጡት፣ ምግቡን ግን አይተካ። «ሦስት ቀን ጁስ ብቻ» የሚለው ጾም ጉበት የሚፈልገውን ፕሮቲን ያሳጣዋል፤ ግሉታታዮን ራሱ የሚሠራው ከፕሮቲን ከሚገኙ አሚኖ አሲዶች ነው። በተለይ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ የሚደድርበት በሽታ) ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ጾም በጭራሽ አይሞክር።

ጁስ የሚጎዳው ማንን ነው?

መድኃኒት የምትወስዱ ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። ግሬፕፍሩት አንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም ያግደዋል። ያኔ ክኒኑ ከታሰበው በላይ ደም ውስጥ ይገባል፣ ትክክለኛውን መጠን ውጣችሁ ከልክ ያለፈ መጠን እንደወሰዳችሁ ያህል ማለት ነው። ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን የተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች፣ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዷቸው ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን ከሚነኩት ውስጥ ናቸው። ጠዋት ግሬፕፍሩት፣ ማታ ክኒን ብሎ ማራራቅም አያድንም፤ ተጽዕኖው ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ቅጠላማ አትክልቶች ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሱታል። የቅጠል ጁስ በድንገት አትጀምሩ፣ በድንገትም አታቁሙ።

የኩላሊት ሕመም ካለ፣ የአትክልት ጭማቂ የታመመ ኩላሊት በቀላሉ የማያስወጣው የፖታሲየም ክምር ነው። ስፒናችና ቀይ ሥር ኦክሳሌትም ይበዛባቸዋል፣ ጠጠር ለሚሠራባቸው ሰዎች ጥሩ አይደሉም፤ ብዙ የአረንጓዴ ጁስ ጠጥተው ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ከዱባና ከኪያር ቤተሰብ የሆነ ማንኛውም ነገር ከመረረ ትፉትና ድፉት። ምሬቱ ኩኩርቢታሲን የተባለ መርዝ ነው፤ መራራ የቅል ጭማቂ ለጤና ብለው ጠጥተው የሞቱ ሰዎች አሉ። «መራራ ነገር ለጉበት ጥሩ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ሰው ይገድላል።

ከተክል የመጣ ሁሉ ለጉበት የዋህ አይደለም። ምግብ ውስጥ የሚገባ እርድ ችግር የለውም፣ በክኒን የሚሸጠው ይዘቱ የጠነከረ እርድ ግን ጉበት እንዳሳመመ ተመዝግቧል። አረንጓዴ ሻይም ያው ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የዋናውን ንጥረ ነገር፣ ኢጂሲጂን፣ በክኒን መውሰድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ከማለት ጋር ይያያዛል፤ የሚፈላው ሻይ ግን በተለመደው መጠን ደህና ነው። የሬት ተዋጽኦና የኖኒ ጭማቂም ጉበት ጎድተው ያውቃሉ።

ሕጻናት፣ እርጉዞች፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ውጭ የተጨመቀ ያልፈላ ጁስ ባይጠጡ ይመረጣል፤ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ የተባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በዚህ መንገድ ተላልፈዋል።

ጁሱ ብቻውን አይበቃም

ከተክል ከሚሠሩ መጠጦች ለጉበት በሰው ላይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ጁስ ሳይሆን ቡና ነው። በቀን ሁለት ሦስት ሲኒ የሚጠጡ ሰዎች ሲሮሲስና የጉበት ካንሰር የሚይዛቸው ባነሰ መጠን መሆኑ በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። ስኳሩን ተዉት እንጂ ቡናችሁን ጠጡ።

ፋቲ ሊቨር ካለባችሁ ክብደት መቀነስን የሚያህል የለም። ከክብደታችሁ 5 በመቶ ስትቀንሱ ስቡ ይቀንሳል፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ስትደርሱ ደግሞ የጉበቱ መቆጣት ራሱ ይሻሻላል። አልኮል አቁሙ ወይም በጣም ቀንሱ። ሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው፤ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በአብዛኛው በ8 ወይም በ12 ሳምንት ክኒን ይድናል። ቫይረስ ያለበት ሰው በቀይ ሥር ጁስ ዓመታት ማባከኑ በጣም ያሳዝነኛል።

ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራችሁ ከነጣ፣ ሆዳችሁ ከተነፋ፣ ደም ካስመለሳችሁ ወይም ሰው ግራ የመጋባት ምልክት ካሳየ ብሌንደሩን ተዉትና ሕክምና ሂዱ።

ጁሱ እየጠቀመኝ ነው ወይ ለሚል ሰው፦ ስሜት አይለካም፣ ደም ይለካል። ከመጀመራችሁ በፊት የጉበት ምርመራ አድርጉ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ውጤቱን ለሐኪም ስታሳዩ የምትጠጡትን ሁሉ ንገሩት፣ ምን ምን እንደሚገባበት፣ ስንት ብርጭቆ እንደሆነ፣ በክኒን ወይም በዱቄት የምትወስዱት ነገር ካለም እሱን ጭምር። ኢንዛይሙ ከፍ ብሎ ከተገኘ መጀመሪያ የሚቆመው ያ ክኒንና ዱቄት ነው።